የመመለሻው ቆርቆሮ

ሟርተኛ ተብያለሁ። በገዛ ወንድሜ፣ በገዛ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በገዛ ልጄ። ጥፋቴን ልንገራችሁ። ልጄ ባሕር ተሻግራ ልታስተምር ስትነሣ «መሄጃሽን ብቻ ሳይሆን መመለሻሽንም ይዘሽ ሂጂ» አልኳት። በቃ፣ ይቺን ነው ያልኩት። የእኛን ቤት ሰው ከሰማችሁ ግን ልጄን በቁሟ ረግሜያታለሁ።

«ለመንገደኛ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ ይባላል እንጂ መመለሻ አለሽ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?» አለችኝ ታላቅ እህቴ ከድሬዳዋ ደውላ። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዥ። ክፉ አትጥሪባት።»

እኔ ክፉ አልጠራሁም። ክፉውን አውቀዋለሁ። ማንም ሳይጠራው ራሱ መንገዱን አውቆ የመጣብኝ ነው።

ጅቡቲ የገባሁት ወንድሜ በሚነዳው ከባድ መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። ልጄን ገና ጡት እንዳስጣልኳት ለእህቴ ትቼ። በእጄ አንዲት ፌስታል፣ በኪሴ ምንም። «መመለሻዬስ?» ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ያኔም። «እዚያ ሥራ ሞልቷል፤ መመለሻሽን እዚያው ታገኚዋለሽ» አለኝ። ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ነጋዴ ቤት አስገባኝና መኪናውን አዙሮ ሄደ። እኔ እዚያው ሠራሁ፣ እዚያው አደርኩ። ደሞዜን የቤቱ እመቤት «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ አንቺ ምን ያደርግልሻል» እያለች ታስቀምጠው ነበር። ደግ መስላኝ መረቅኳት። እናቴ ታመመች ተብሎ ሲደወልልኝ «ገንዘቤን ስጪኝ፣ ልሂድ» አልኳት። «ወሩ ይለቅ።» ወሩ ሲለቅ «ባሌ ከመንገድ ይምጣ።» ባሏ ሲመጣ «አንቺ ከሄድሽ ቤቱን ማን ይይዘዋል?» እንዲህ ስንባባል እናቴ አረፈች። መርዶዬን የሰማሁት ዓሣ እያጠብኩ ነው፤ እጄ በቅርፊት ተሞልቶ ፊቴን እንኳ መምታት አልቻልኩም። እናቴን ሌላ ሰው ቀበረልኝ። መመለሻ የሌለው ሰው እንዲህ ነው። የሚይዙት በሰንሰለት አይደለም። አውቶቡስ መሳፈሪያ እንደሌለው ስለሚያውቁ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይሄን የማውቅ ሰው ልጄን ምን ልበላት? መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ ብዬ ብቻ ልልቀቃት?

ልጄ አስተማሪ ናት። እህቴ አሳደገቻት፣ እኔ ከዚያ ነጋዴ ቤት ከወጣሁ በኋላ ያገኘሁትን ላክሁ፣ እሷ ተማረች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ እሷ ኮሌጅ ጨርሳ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቆመች። ደሞዟ ግን የቤት ኪራይ ከፍሎ ጨው አይገዛም። ስለዚህ በባቡር ወደ እኔ መጣች፤ ካርቲየ ሰባት በተከራየኋት አንዲት ክፍል አብረን መኖር ጀመርን። ጠዋት እኔ ሄሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር ወዳለው ሥራዬ እሄዳለሁ፤ እሷ ከሰዓት በኋላ የሰው ልጆች እንግሊዝኛ ታስጠናለች። በመሃሉ በኮምፒውተር ፊቷን እያዩ ጠያይቀዋት ባሕሩ ማዶ ካለ የዓረብ አገር አንድ ሕፃናት ማስተማሪያ ቤት ተቀበላት። ስትነግረኝ እልል ያልኩት እኔው ነኝ። ቀጥሎ ሁኔታውን አነበበችልኝ። ትኬት በራስሽ። የቤት ኪራይ በራስሽ፤ ያውም ቅድሚያ። ደሞዝ ሙከራሽን ስትጨርሺ። እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሄሮን የምሠራላት ፈረንሳዊት ማዳም መጀመሪያ ስትቀጥረኝ «ፕሮፌሰር ነኝ» ብላኝ ነበር። እኔም ለሰፈሩ ሁሉ «ፕሮፌሰር ቤት ገባሁ» እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ። ልጄ ስትሰማ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«እማ፣ በእነሱ ቋንቋ ፕሮፌሰር ማለት አስተማሪ ማለት ነው። እንዲያ ከሆነማ እኔም ፕሮፌሰር ነኛ!»

«እንግዲያው ፕሮፌሰር፣ ሽንኩርቱን ላጪ» አልኳት።

ታዲያ ይቺ ማዳም የልጄን ነገር ስነግራት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በዓረብኛ፣ ቀሪውን በእጃችን ነው የምንግባባው። «የወራት መኖሪያና መመለሻ ሳትይዝ እንዳትሄድ» አለችኝ። እሷ ራሷ ከአገሯ ወጥታ ሰው አገር የምታስተምር ሰው ናት። መመለሻዋ ግን ገና ሳትመጣ የተቆረጠላት ነው፤ መንግሥቷ በየዓመቱ የደርሶ መልስ ትኬት ይሰጣታል። ሻንጣዋ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጦ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። እናቷ ደውላ «አታሟርቺ» አትላትም። ወንድሟ መጥቶ «የመመለሻሽን ስጪኝ» አይላትም። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር የያዝኩትን ሳህን ልሰብረው እደርሳለሁ። አስተማሪ አስተማሪ ነው፤ የአንዷ መመለስ መብት፣ የአንዷ መመለስ ሟርት የሆነው ለምንድን ነው?

ሁለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አጠብኩና አልጋው ሥር አስቀመጥኩ። «ይሄኛው የመሄጃ፣ ይሄኛው የመመለሻ» አልኳት። የእሷ የማስጠናት ገንዘብ ወደ መሄጃው፣ የእኔ ደሞዝ ወደ መመለሻው። ሥጋ አቆምን። ማራገቢያው ሲበላሽ ሳናሠራው በዚያ በጋ፣ ያ የሚጋረፍ ነፋስ ከበረሃ ሲመጣ፣ አንሶላ በውሃ ነክረን ተሸፍነን ተኛን። የሴቶች ዕቁባችን ዕጣ ሲደርሰኝ አንድ ነጠላ እንኳ ሳልገዛ እንዳለ ከተትኩት። ትምህርት ቤቱ ቶሎ ነይ ይላል፣ እኔ ቆይ እላለሁ። ልጄ ትነጫነጫለች።

«እማ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል።»

«ይስጡት። አንቺን ለሌላ ሰው ከምሰጥ ቦታሽን ይስጡት።»

በዚህ መሃል አገር ቤት ያሉት ገና ያልሄደችውን ልጅ በልተው ጨርሰዋል። አንዱ ስልክ፣ አንዷ የልጇን ትምህርት ክፍያ፣ አንዱ የበግ መግዣ ይጠይቃል። ወሬው «ልጅቷ ዓረብ አገር ገባች» ነው። የት ገባች? ካርቲየ ሰባት እርጥብ አንሶላ ውስጥ ናት!

ወንድሜ ጭነት ሊያነሣ በመጣ ቁጥር ይጠይቀናል። አንድ ዓርብ ከድሬዳዋ አንድ ከረጢት ሎሚ ይዞ መጣ። ጨዋታ ያውቃል፤ ሲገባ ክፍሏ ትሞላለች።

«የት አለች ዶክተሯ?»

«ፕሮፌሰር ሆኛለሁ፣ ጋሼ» አለችው ልጄ እየሳቀች።

«ይበልጣል ይበልጣል! እናትሽማ መጥረጊያ ይዛ ቀረች።»

«መጥረጊያዬ ነው ያስተማራት፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት።

«እሱን ማን ካደ? ቁጣሽ መቼም እንደ ጅቡቲ ፀሐይ ነው፤ ጥላ የለውም።»

ሳቅን። ጫቱን ዘርግቶ ምንጣፍ ላይ ጋደም አለና ወደ ጉዳዩ ገባ። በእናታችን ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ክፍሎች አሠርቷል። ግድግዳው ቆሟል፣ የቀረው የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ደርሷል፤ ጭቃው ይፈርሳል።

«እግዜር ይጨምርልህ» አልኩ።

«እግዜርማ ጨምሯል። አልጋሽ ሥር አስቀምጦታል።»

ደሜ ፈላ። ልጄ ነግራዋለች። እሷን አየኋት፤ አንገቷን ደፋች።

«እሱ የልጄ መመለሻ ነው።»

«የምን መመለሻ? ገና ሳትሄድ? አንቺ ሰው፣ ለሙሽራ የፍቺ ወረቀት አብሮ ይሰጣል እንዴ? መመለሻ የያዘ ሰው ይመለሳል፣ ልቡ አይረጋም። ይልቅ ከቆርቆሮ ወጥቶ ቆርቆሮ ይሁን፣ ቤተሰቡ ይጠለልበት፣ እሷም ምርቃት ይዛ ትሂድ።»

«አይሆንም።»

«እህቴዋ…»

«አይሆንም አልኩህ፣ ወንድም ጋሼ። ሎሚህን ተቀብያለሁ፣ ተባረክ። ቆርቆሮውን አትንካ።»

ሳቀና ሌላ ጨዋታ አመጣ። እኔ ሞኟ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

በማግስቱ ከሄሮን ስመለስ ከተማው ሁሉ ጫቱን ተቀብሎ ወደየጥላው የሚገባበት ሰዓት ነበር። ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠፈ ልብስ እየፈታች መልሳ ታጥፋለች። አስተያየቷን ሳይ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ የመመለሻውን ቆርቆሮ አወጣሁት። ስከፍተው ገንዘቡን ያሰርኩበት ክር ብቻ ነበር የቀረው።

«ወስዶት ነው ሰጥተሽው?»

ልብሱን ማጠፍ ቀጠለች።

«አንቺን ነው የምጠይቀው! ወስዶት ነው ሰጥተሽው?»

«ሰጠሁት። ምን ላድርግ እማ? በልጅነቴ ጫማ የሚገዛልኝ እሱ ነው። ደግሞ… ደግሞ ፈራሁ። እናትሽ እያሟረተችብሽ ነው አለኝ። አብረውኝ ከተማሩት የሄዱት ልጆች አንዳቸውም መመለሻ አልያዙም፤ ሁሉም እዚያው ሰው ሆነው ቀሩ አለኝ። አንቺ በየቀኑ መመለሻ መመለሻ ስትዪ እኔ መሄዴን ትቼ መውደቄን ነው የማስበው!»

«ሰው ሆነው ቀሩ? ሰው ሆኖ የቀረውን ብቻ ነዋ የሚነግርሽ! ዓሣ እያጠበ የቀረውን ማን ያወራልሻል?»

መልሷን አልጠበቅኩም። ነጠላዬን ጎትቼ ወጣሁ።

የእኛ አገር ከባድ መኪናዎች የሚቆሙት ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ አሥራ ሁለት የሚባለው ቦታ ነው። በሚኒባስ ስሄድ አንዴ የከፈልኩትን ለወያላው ደግሜ ከፈልኩት። ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነው። ወንድሜ ላይ በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። አባታችን ሲሞት አባት የሆነው እሱ ነው፤ እኛ ቤት ታላቅ ወንድም ሲናገር አንገት ተደፍቶ ወለል ነው የሚታየው። ደርሼ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ከሄደ ግን ገንዘቡ ጣሪያ ሆነ ማለት ነው፤ ጣሪያ ደግሞ አይመነዘርም።

አገኘሁት። ተሳቢው ሥር ባለው ጥላ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ምንጣፍ አንጥፈው ይቅማሉ። ጭነቱ ታስሯል፤ ፀሐይ ሲበርድ ይነሣሉ።

«ኧረ እህቴ! ሸኚኝ ብዬሽ ነበር እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«የልጄን ገንዘብ ስጠኝ።»

«ሰው ፊት አይሆንም፣ በኋላ እንነጋገራለን።»

«በኋላ የለም። ስጠኝ።»

ተነሥቶ ወደ ጋቢናው ሄደ። መሰላሉን ረገጠ። በሩን ሊዘጋብኝ ነው። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አባቴ ገበያ ላይ ሲል የሰማሁት ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው አገር አስፋልት ላይ ቆሜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ብዬሃለሁ፣ አንዲት እርምጃ እንዳትራመድ!»

ቆመ። አንድ እግሩ መሰላሉ ላይ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ እንደሆነ ቆመ። ሾፌሮቹም ማላመጣቸውን አቆሙ። አንዱ ጎረምሳ ብቻ «እትዬ፣ እዚህ አገር እኮ ሕጉ በፈረንሳይኛ ነው!» ብሎ ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

ከመካከላቸው ጸጉራቸው ነጭ የሆነ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ቀስ ብለው ተነሡና ሱሪያቸውን አራገፉ።

«ሕግ የጠራ ሰው ሳይሰማ አይታለፍም። አንተ ውረድ። አንቺ ልጄ፣ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። እየተንተባተብኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩም። ስለ ልጄ፣ ስለ ሁለቱ ቆርቆሮ፣ ስለ እናቴ መርዶ። ጨረስኩ።

«አልሰረቅኩም» አለ ወንድሜ። ፊቱ ጠቁሯል። «ልጅቷ በእጇ ነው የሰጠችኝ። ደግሞም ለቤተሰብ ነው። ይቺ ሴት በልጇ ላይ ታሟርታለች፣ እኔ ሟርቱን አነሣሁላት።»

ሽማግሌው አሰብ አድርገው ወደ መኪናው ነዳጅ ጋን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ከድሬዳዋ ስትወጣ ናፍጣ ምን ያህል ቀዳህ?»

«ሞልቼ ነዋ።»

«ለመምጫ ግማሹ አይበቃም ነበር?»

«ለመመለሻስ? በረሃ ላይ ልቀር…»

አፉን ዘጋ። ዘግይቶበታል። ምንጣፉ ላይ የነበሩት በሳቅ ፈነዱ።

«አይ ወንድሜ! በራስህ ላይ አሟርተሃላ!»

«ናፍጣውን ለቤተሰብ አትሰጥም ነበር?»

«ጫቱንም ይመልስላት፣ በእሷ ገንዘብ ሳይሆን አይቀርም!»

ሽማግሌው አልሳቁም። «ስጣት» አሉ ብቻ።

ከወንበሩ ሥር አወጣው። በእጄ አልሰጠኝም፤ እግሬ ሥር ወረወረው። «ይኸውልሽ መመለሻሽ። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለኝ። ነፋሱ የገንዘብ ኖቶቹን ሲበትናቸው ሾፌሮቹ እንዳይበሩ በጫማቸው እየረገጡ ያዙልኝ። እኔ ተንበርክኬ ከየሰዉ እግር ሥር ለቀምኩ። ልጅ ያላት ሴት ከዚህም የባሰ ትለቅማለች። ያናደደኝ መንበርከኬ አይደለም። የገዛ ወንድሜ ይሄን ሲያይ ፊቱን አዙሮ ሞተሩን ማስነሣቱ ነው።

ቤት ስገባ ልጄ ሰምታለች፤ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

«አዋረድሽው እማ። ሾፌር ፊት። አባቴ የሆነን ሰው።»

«እሱ አባትሽ ከሆነ እኔ ምንሽ ነኝ?»

«አልይዘውም ያንን ገንዘብ። ተጣልታችሁበት፣ ተረጋግማችሁበት… እፈራለሁ። ብትገድዪኝ አልይዘውም።»

እስከ ጉዞዋ ቀን እንደ ጎረቤት ነው የኖርነው። እህሉን አቀርባለሁ፣ ትበላለች፣ ትነሣለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እለማመጣት ነበር፤ ንዴቴ ግን አልለቀቀኝም። እሷም የእኔ ልጅ ናት፣ ግንባሯ ድንጋይ።

አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆመች። ገንዘቡ መቀነቴ ውስጥ ነው። እዚያ በር ካለፈች በኋላ የማደርግላት ነገር የለም። «መመለሻ» በሚለው ቃሌ ብጸና ባዶ እጇን ልትሄድብኝ ነው።

«እሺ፣ መመለሻ አይደለም» አልኳት።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«መምጫ ነው። እናትሽን ልትጠይቂ የምትመጪበት። የእናት መጠየቂያ ይዞ መሄድም ሟርት ነው?»

አየችኝ። አውቃለች፣ ሞኝ አይደለችም። ያው ገንዘብ፣ ያው ክር። ግን እጇን ዘረጋች።

«መምጫ ከሆነ እይዘዋለሁ» አለች።

አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔ ሳቅፋት እንኳ ተናድጄ ነበር። ለአንዲት ቃል ስል ልጄን ባዶ እጇን ልልካት ነበር። መመለሻ ሲሉት የሚገድል፣ መምጫ ሲሉት የሚያድን ገንዘብ የት አገር ነው ያለው? እኛ ጋ ነው ያለው።

አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች። ሕፃናቱ ይወዷታል። ደሞዙ ግን ሙከራዋን ጨርሳም አልወጣም፤ ባለቤቱ «የሚቀጥለው ወር» ይላታል። ያቺን «የሚቀጥለው ወር» ስሰማ የዓሣው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። የምትኖረው በመሄጃው ቆርቆሮ ትራፊ ነው። ከሰላምታ በፊት የምጠይቃት አንድ ነገር ነው።

«መምጫሽስ?»

«አለ እማ። አልነካሁትም።»

«የነካኩሽ ቀን ሳታድሪ ነይ።»

«እሺ እማ፣ እሺ።»

ያኔ ነው የምተነፍሰው፤ እሱም እስከሚቀጥለው ስልክ ነው።

ወንድሜ እግሩን ከቤቴ አነሣ። ሰሞኑን ግን ያ በፈረንሳይኛ ሕግ የቀለደው ጎረምሳ ሾፌር በሬ ድረስ መጥቶ መልእክት አደረሰ።

«እትዬ፣ ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል። ልጅቷ ደሞዝ አወጣች ወይ በላት አለኝ። ክፍሎቹ ጣሪያ የላቸውም፣ ዝናቡ ገብቷል።»

«ገብቷል?»

«እህ፣ በደንብ ነው የገባው።»

«ይዝነብበት» አልኩት።

«ውይ እትዬ! ይሄስ ሟርት ነው!»

«አዎ» አልኩት። «ይሄ ሟርት ነው። ልዩነቱን አሁን አወቅከው? ሂድና ንገረው።»